ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ማን ይረከበው? የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለሆስፒታሉና ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በማኅበራችን ስም የምናስገባውን ሐሳብ እዚህ እንጨርሰው። ጉዳዩ የአእምሮ ሕመም ኖሮባቸው ተኝተው ታክመው ለሚወጡ ሰዎች የሚደረግ ክትትል ነው። መነሻ አንቀጽ፦ «ታካሚው ከመውጣቱ በፊት በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ማን እንደሚመጣና ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ይነገር፤ ከወጣ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት እየሄደች ትከታተለው።» ጨምሩበት፣ ቀንሱበት።

የታካሚ እናት፦ ልጄ ሲወጣ የሰጡን ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም አይነበብም። ጤና ጣቢያ ይዤው ብሄድ መልሰው እኔኑ «ምን ነበር የሚወስደው?» አሉኝ። እኔ ምኑን አውቄ! መድኃኒቱ አለቀ፣ ለትራንስፖርት ብር እስክንፈልግ ሕመሙ አገረሸበት። ለአስታማሚ በአማርኛ ይጻፍልን። የቱ ክኒን በስንት ሰዓት፣ መቼ ያልቃል፣ ምን ስናይ እንሩጥ።

ሲስተር (የአእምሮ ጤና ነርስ)፦ እትዬ ያሉት ይግባ። «ምን ስናይ» ለሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እንቅልፍ ማጣት ነው። ደግሞ ሰው መድኃኒት የሚያቋርጠው ስለዳነ ብቻ አይደለም። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አንገት ሊያደርቅ፣ ሰውነት ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። ቤተሰብ ይደነግጥና መድኃኒቱን ያስተወዋል። ይሄኮ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ቀድሞ የነገራቸው ስለሌለ ነው።

ሌላው፣ «ሁሉም በጤና ጣቢያ ይከታተል» ብለን እንዳንጽፍ። በየወሩ የሚወጋ መርፌ የሚወስድ ሰው እዚያው ሊወጋ ይችላል፣ መርፌው ካለ። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ያስፈልገዋል። እሱ ወደ ሆስፒታል ይመለስ። የመጀመሪያው የስልክ ጥሪም በወጣ በሳምንቱ ውስጥ ይሁን። ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚለው ከሆስፒታል በተወጣባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ወር መጠበቅ አይሆንም።

ገንዘብ ያዥ፦ ማን ይክፈል? የጤና መድን ያለው ሰው በጤና ጣቢያ ሪፈር (ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት) ካልተጻፈለት ሆስፒታል ላይ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። የሪፈሩ ጉዳይ በደማቁ ይጻፍ። ከማኅበሩ ካዝና እኔ የምደግፈው ትራንስፖርት ብቻ ነው። መድኃኒት እንግዛ ካላችሁ ዓመት አንዘልቅም፤ ከአሁኑ ልናገር።

ወጣት አባል፦ እኔ ራሴ ታካሚ ነኝ። ስልኩ ጥሩ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት ትምጣ የሚለውን ግን ቀስ እንበል። የምኖረው በኪራይ ነው። አከራዬ ቢሰማ በማግስቱ «ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» ነው የሚለኝ። ታካሚው ራሱ ይምረጥ፤ በስልክ፣ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ወይ በሚያምነው ሰው በኩል። ወላጆቼም ቢሆኑ ሳልፈቅድ አይደወልላቸው።

የታካሚ እናት፦ ልጄ፣ አንተ ስልክ ባታነሳስ? ሲያምህ እኮ እኛንም አታምንም።

ወጣት አባል፦ እሱ እውነት ነው፣ እናቴ። እንግዲያው ደህና ሆኜ ስወጣ፣ ባላነሳ ለማን እንደሚደወል ራሴ ልፈርም።

የዕድሜ ባለጸጋ አባል፦ ጸበልን ረስታችኋል። ብዙ ሰው ከሆስፒታል እንደወጣ ቀጥታ ወደዚያ ነው። «አትሂዱ» ብለን ብንጽፍ የሚሰማን የለም፣ እኔም አልፈርምም። ጸበልተኛው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ከአጥማቂዎቹ ጋር እንነጋገር። ጾሙም አለ፤ የጠዋቱን ክኒን የሚዘሉ አሉ።

ሲስተር፦ ጋሼ፣ ይህን ስላነሱ አመሰግናለሁ። አንዳንዱን መድኃኒት ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ ግን ሐኪሙ ይወስን። የሚጾም ሰው ከመውጣቱ በፊት ይጠየቅ፤ ሙስሊሙም ለረመዳን።

ጸሐፊ፦ የተሻሻለው ይኸው። «ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ለጤና ጣቢያው ይነገር፤ የአማርኛ ወረቀት ለታካሚውና እሱ ለፈቀደው አስታማሚ ይሰጥ፤ በሳምንቱ ውስጥ ይደወል፤ ስልክ ካልተነሳ ታካሚው ፈርሞ ለመረጠው ሰው ይደወል፤ የመድን ሪፈር ቀድሞ ይዘጋጅ።» የቤት ለቤቱን አውጥቼዋለሁ። ጸበሉን የምንነጋገረው እኛ ስለሆንን ለብቻው እንያዘው፤ ጋሼ ይምሩልን። የቀረው ደዋዩ ማን ይሁን የሚለው ነው። እኔ የሆስፒታሉ ነርስ ትሁን ባይ ነኝ፣ በሽተኛውን የምታውቀው እሷ ናትና። የምትቃወሙ እስከ ዓርብ ጻፉ። ሲስተር፣ በጤና ጣቢያ የሚቀጥሉትንና የማይቀጥሉትን መድኃኒቶች ለይተሽ ላኪልኝ።