«ፈቅደው ለሞቱ» ሰዎች ሻማ ይበራል?

የለገጣፎው መምህር፦
ጥር 20 ቀን የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ልጆች ሰባት ሻማ አብርተው በአሜሪካዋ መንኮራኩር በቻሌንጀር ላለቁት ሰባት ጠፈርተኞች የሕሊና ጸሎት አደረጉ። ቅዳሜ በወላጆች ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው «ፈቅደው ለሞቱ ፈረንጆች ልጆቻችንን ሻማ ማስያዝ ምን ማለት ነው?» አሉ። ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም። ሻማውን ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው የገዙት። ከሰባቱ አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ እንደ እኔ መምህርት ነበረች፤ ከጠፈር ሆና ልታስተምር ነው የወጣችው። መንኮራኩሯ በተነሣች በ73ኛው ሰከንድ ስትበታተን ተማሪዎች በቴሌቪዥን እያዩ ነበር። ይህን ለልጅ መንገር ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

የሁለት ልጆች አባት፦
መምህር፣ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፣ አልደብቅዎትም። ሰዎቹ ተምረው፣ ሠልጥነው፣ ፈርመው የገቡበት ሥራ ነው። ያስገደዳቸው የለም። እዚሁ አካባቢያችን ሕንፃ ሲሠራ ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወድቆ ለሚሞት የቀን ሠራተኛ ማን ሻማ አብርቶ ያውቃል? ስሙንስ ማን ይጠይቃል? መጀመሪያ የራሳችንን እናልቅስ።

ከሱሉልታ፦
«ፈርመው» አልክ። ምኑን ነው የፈረሙት? ሊነሡ የዋዜማው ማታ ሮኬቱን የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች «ብርዱ ከባድ ነው፣ ይቅር» ብለው ተከራክረዋል። ከ12 ዲግሪ በታች አይነሣ ነበር ያሉት፤ ሲነሣ 2 ዲግሪ ገደማ ነበር። አለቆቻቸው ምክራቸውን ሻሩት። ሰባቱ ስለዚህ ክርክር አልተነገራቸውም። ያልነገሩህን አደጋ እንዴት ትፈቅዳለህ?

ጋራዥ ሠራተኛ፦
በብርዱ የተበላሸው ኦሪንግ ነው፤ የሮኬቱን መገጣጠሚያ ክፍተት የሚደፍን የላስቲክ ቀለበት። ስለ እሱ እኔ ልናገር፣ እንጀራዬ ነው። ላስቲክ ብርድ ሲመታው ይደርቃል፤ ክፍተቱን ቶሎ አይደፍንም። መኪና ላይ ከሆነ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ዳር ይዘህ ታቆማለህ። እዚያ ከመገጣጠሚያው ያመለጠው እሳት ነው፣ ጎኑ ደግሞ የነዳጅ ታንክ አለ። «አይሆንም» ያለው ባለሙያ አፉን ከተዘጋ፣ ሞቱን የፈቀደው አለቃው ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
እሺ፣ ቻሌንጀርን ልተውላችሁ። ሌላዋ መንኮራኩር ኮሎምቢያስ? በ1986 የሆነውን እያወቁ በ2003 ወጡ። ይህም ፈቃድ አይደለም ልትሉኝ ነው?

የሰበታ ልጅ፦
1986 አትበል፣ 1978 ነው። ልጆቹ የሚማሩት በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ዋናውን መልስልኝ፣ ዓመቱን ተወው።

የሰበታ ልጅ፦
አልተወውም። የመንኮራኩሮቹ አደጋ የደረሰበትን ቀን ቁጠር፦ አፖሎ 1 ጥር 19 ቀን 1959፣ ቻሌንጀር ጥር 20 ቀን 1978፣ ኮሎምቢያ ጥር 24 ቀን 1995። ሦስቱም ከጥምቀት በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ናቸው። በፈረንጅ ቁጥር ካሰብከው ይህ አይታይህም።

እናት ከቡራዩ፦
እኔን ቅር ያሰኘኝ ቀኑ ነው። ጥር 21 አስተርእዮ ማርያም ናት። በዋዜማዋ ልጆች ለሌላ ሻማ ሲያበሩ ልቤ አልወደደውም።

ከሱሉልታ፦
እማማ፣ ለሞተ ሰው ሻማ ማብራት እኮ ከእናንተ ነው የተማርነው። ደግሞ ሁሉንም «ፈረንጅ» ብሎ መጠቅለል ልክ አይደለም። ቻሌንጀር ላይ ሮናልድ ማክኔር ጥቁር ነበር፣ ኮሎምቢያ ላይም ማይክል አንደርሰን። ካልፓና ቻውላ የተወለደችው ሕንድ ነው። ስለ ኮሎምቢያ ለጠየቅከው፦ ስትነሣ ከነዳጅ ታንኩ መሸፈኛ የተላቀቀ ፎም ግራ ክንፏን መታት። መሐንዲሶች ክንፏ በሳተላይት ፎቶ ይነሣልን ብለው ጠየቁ፤ ተከለከሉ። ጠፈርተኞቹ ጠፈር ላይ እያሉ «አያሰጋም» የሚል ኢሜይል ደረሳቸው። ሊያርፉ 16 ደቂቃ ሲቀራቸው አለቁ። «ፈቅደው»ህን እዚህ ላይ አሳየኝ።

የእንጦጦ ሥር ነዋሪ፦
እርማት አለኝ። በእርግጥ ጠፈር ላይ የሞቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የሶዩዝ 11 መንኮራኩር ሶቪየቶች፣ ዶብሮቮልስኪ፣ ቮልኮቭና ፓትሳዬቭ፣ ሰኔ 1963። ሲመለሱ የአየር ቫልቭ ተከፈተ። ለሦስት ሰው ከነጠፈር ልብሱ ቦታ ስለማይበቃ ልብሱን አልለበሱም ነበር። አፖሎ 1 መሬት ላይ በሙከራ ነው የተቃጠለው፤ ቻሌንጀርም የተበተነችው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የልጆቹ ጽሑፍ «በጠፈር የተሠዉ» ካለ ይታረም።

የለገጣፎው መምህር፦
ልጆቹ የጻፉት «ወደ ጠፈር ሲሄዱ ላለፉ» ብለው ነው። አይታረምም።

እህት ከገላን፦
ማንበብ ብቻ ነበር ሐሳቤ፣ ግን የቀን ሠራተኛ ተነሣ። ወንድሜ ከአራተኛ ፎቅ ነው የወደቀው። መወጣጫው መበስበሱን ፎርማኑ ያውቅ ነበር፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ከአንድ ቀን በፊት ነግረውታል። ለወንድሜ የነገረው የለም። ጠዋት ሲሚንቶ ተሸክሞ ወጣ። እና ፈቅዶ ነው የሞተው? የሁለት ልጆች አባት፣ ወንድሜን ለክርክርህ ስትጠራው አመመኝ። የእነዚያ ሰዎች ስም ስለተነሣ የወንድሜ ስም አልተቀበረም። እዚያ ለቻሌንጀር መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የተበላሸው ዕቃ የቱ እንደሆነ፣ ማን ምን እንደወሰነ ለሕዝብ ተናገረ፤ በረራውም ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆመ። ወንድሜ በሞተ በማግሥቱ ሥራው ቀጠለ። በዚያው መወጣጫ።

ጋራዥ ሠራተኛ፦
እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ።

የሁለት ልጆች አባት፦
ነፍስ ይማር። ላስቀይምሽ ብዬ አልነበረም። ግን የተናገርሽው የኔኑ ሐሳብ ነው፤ ሻማው ለወንድምሽ ነበር መብራት ያለበት። መምህር፣ ስምንተኛ ሻማ ለምን አልጨመሩም?

የለገጣፎው መምህር፦
ስሙን አላውቅም ነበር። እህቴ ከፈቀደች ልጆቹ ደስ ይላቸዋል።

እህት ከገላን፦
ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ እናቴ ታየዋለች። ደግሞም ሻማ ብቻ አይበቃኝም። ልጆቹ መወጣጫው ለምን እንደበሰበሰ፣ ማን እንዳወቀ ይጠይቁልኝ። ስለ ኦሪንጉ እንደተጠየቀው።

እናት ከቡራዩ፦
ልጄ፣ እኔም ቅር ያለኝ ቀኑ ነው እንጂ ሻማው አይደለም። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እመጣለሁ።

የሰበታ ልጅ፦
ቀኑ አይቀየርም እማማ። የሞቱበት ቀን ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦
ለወንድምሽ «ፈቅዶ» አላልኩም፣ አልልምም። ለጠፈርተኞቹ ግን እላለሁ።

ከሱሉልታ፦
ልዩነቱን አስረዳን። ሁለቱም አልተነገራቸውም።