አምባሳደር የነበረ ሰው የዓለም ዳኛ ይሁን?

አስተባባሪ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ በር ላይ ቡና ስንጠጣ የተነሣው ክርክር እዚህ ይቀጥል። ለመንግሥቱ ሲሟገት የኖረ ሰው ሔግ ሄዶ አገሮች በሚካሰሱበት ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዳኛ መሆን አለበት? ያከራከረን ፐርሲ ስፔንደር ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር።)

የሕግ ተማሪ፦ የለበትም። ስፔንደር የአውስትራሊያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ቀጥሎ እስከ 1958 በአሜሪካ አምባሳደር ነበር። በዚያው ዓመት ዳኛ ሆነ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካ ትገዛት በነበረችው በናሚቢያ ጉዳይ፣ ደቡብ አፍሪካን በ1960 ከሰሱ። በ1966 ድምፁ 7 ለ 7 ቢሆን፣ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነኝ ብሎ ሁለተኛ ድምፅ ሰጠና «በጉዳዩ የራሳችሁ መብት የላችሁም» ተብለን ተሸኘን። ስድስት ዓመት ተሟግተን! ውሻ በበላበት ይጮኻል።

የአዘዞው መምህር፦ ውሻውን ተወው። ዛፍሩላ ካንም የፓኪስታን ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ ተባበሩት መንግሥታት ድረስ አገሩን ወክሏል። በ1971 ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው ሲባል የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት እርሱ ነው። ስፔንደርም ቢሆን በ1962 ጉዳዩን ማየት የለብንም ካሉት 7 ዳኞች አንዱ ነበር። አቋሙን መቼ ደበቀ?

የሕግ ተማሪ፦ ዛፍሩላ በ1966 የት ነበር? አልተሰየመም እኮ!

ጡረተኛው ዳኛ፦ ልጄ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ቀደም ሲል ለኢትዮጵያና ላይቤሪያ ተጨማሪ ዳኛ (ተከራካሪ አገር ለአንድ ጉዳይ የሚሰይመው) እንድትሆን ታጭተህ ነበር ብሎ ያስወጣው ስፔንደር ነው፤ ዛፍሩላም አልተስማማበትም። በፍርድ ቤቱ መተዳደሪያ 24ኛ አንቀጽ፣ ዳኛውና ፕሬዚዳንቱ ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ይወስናል። ይህ ግን በቃል አለቀ።

እኔ እዚህ ጎንደር ስሠራ ከአንድ ተከሳሽ አጎት ጋር በአንድ የጽዋ ማኅበር እንጠጣ ነበር። ከሳሿ «ዳኛው ይነሡልኝ» ብላ ማመልከቻ አስገባች። ተናደድሁ፤ አልዋሽም። ማመልከቻው በችሎት ተነበበ፣ ምክንያቱ ተጻፈ፣ መዝገቡ ወደ ሌላ ዳኛ ሄደ። ዛሬም ያን መዝገብ የከፈተ ሰው ለምን እንደ ተነሣሁ ያነብበዋል።

የአዘዞው መምህር፦ ታዲያ ጋሼ፣ አምባሳደርነቱ ችግር የለበትም እያሉን ነው?

ጡረተኛው ዳኛ፦ አለበት እንጂ። ግን እነዚህን ዳኞች ለ9 ዓመት የሚመርጧቸው ጠቅላላ ጉባኤውና የጸጥታው ምክር ቤት ናቸው። ድምፅ ሰጪው ራሱ ዲፕሎማት ሆኖ የሥራ ባልደረባውን አትምረጥ ብትለው ማን ይሰማሃል?

የሕግ ተማሪ፦ እሺ፣ ውሻውን አንሥቻለሁ። ሁለተኛዋን ድምፅ ግን አልቀበላትም። ጎንደር ውስጥ አንድ ዳኛ ሁለቴ ድምፅ የሚሰጥበት ችሎት አለ?

ጡረተኛው ዳኛ፦ የለም። ሦስት ሆነን የምንሰየመው ለዚያ ነበር። እነርሱም ዛፍሩላን ባያስወጡት ኖሮ 15 ይሆኑ ነበር።