የድሮ ቮልስ ቤንዚን መዝጊያ ያንጠባጥባል፣ ምን ይሻላል?

የፈረንጅ አራዳው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከጅማ ነኝ። አባቴ የተወልን ቮልስ አለች በፈረንጆቹ 1960 የተሰራች፣ ያቺ የነዳጅ ጌጅ የሌላት፣ ቤንዚን ሲያልቅ መዝጊያውን ወደ ሪዘርቭ የምታዞርላት። አሁን እሱ መዝጊያ ማንጠባጠብ ጀመረ፣ ጠዋት በሯን ስከፍት ሽታው ራስ ያዞራል። አንድ ጋራዥ ወስጃት ሲሊኮን ቀብተን እንድፈነው አሉኝ፣ ልጆች ስለምጭንባት ፈራሁ። ይጠገናል ወይስ ሙሉውን መቀየር ነው?

ቮልስ በልቤ፦
ሲሊኮን እንዳታስነካው ወንድሜ! ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል፣ ቁርጥራጩ በቱቦው ሄዶ ካርቡራተር ውስጥ ይሰነቀራል። መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ እወቅ። በጨርቅ አድርቀህ ሶፍት ጠቅልልበት። ከላይ ከታንኩ ጋር የሚያያዝበት ዳዶ ጋ ከራሰ የዛ ጋስኬት ነው፣ ማዞሪያው ጋ ከራሰ ውስጡ ያለው ቡሽ ደርቋል፣ ታች ከሆነ ቱቦውና ፋሼታው ነው እሱ ቀላል ነው። መኪናዋ ብዙ ቆማ ነበር እንዴ? ቡሽ ቤንዚን ሲያጣ ይኮማተራል።

መካኒክ ከሂርማታ፦
ልክ ብሏል። ግን ከሁሉ በፊት እሳት! ከኋላ ወንበር ስር ያለችውን ባትሪ ኔጋቲቯን ፍታ፣ ታንኩን ክዳን ባለው ጀሪካን አራግፍ (ሙሉ ከሆነ 40 ሊትር ነው፣ አስበህበት ጀምር)። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ግቢው ውስጥ ከሰል ተያይዞ ቡና እየተፈላ እንዳትነካት፣ ጎረቤትንም ጠይቅ።

መዝጊያውን ስታወጣው ወደ ታንኩ የሚገባ ቱቦና ወንፊት አለው። ቤንዚኑ ከረጅሙ ቱቦ አፍ በታች ሲወርድ ነው ሞተሩ የሚያንገራግረው፣ ከዛ በታች የቀረው 5 ሊትር ገደማ ሪዘርቭ ነው። ወንፊቱ ዝገት ከያዘ ታንኩንም እጠበው። ከዛ ማዞሪያው ፊት ላይ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፍታ፣ ስፕሪንጓ እንዳትጠፋብህ፣ ቡሹን አውጣ። አሮጌውን ሞዴል አድርገህ ቤንዚን ከሚችል ጎማ፣ ናይትራይል የሚሉት፣ መቁረጥ ይቻላል ግን ቀዳዳዎቹ ትንሽ እንኳ ከተዛነፉ ቤንዚን በደንብ አይወርድም። የሚያርፍበት ብረት ከተጫረም መስታወት ላይ በዘረጋኸው ስስ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፣ አለዚያ አዲሱም ያፈሳል።

የመርካቶ ልጅ፦
ሙሉውን ከፈለግክ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስጠይቅ፣ አሮጌውን ላክ ወይ በደንብ ፎቶ አንሳ። ከፈረንጆቹ 1962 ሞዴል ጀምሮ አብዛኞቹ ቮልሶች ጌጅ ስለገባላቸው ያ የሪዘርቭ መዝጊያ ቀርቷል፣ ሻጭ የቮልስ ነው ስላለህ ብቻ ብር እንዳትልክ።

የፈረንጅ አራዳው፦
ተባረኩ። ሶፍቱ ማዞሪያው ጋ ነው የራሰው፣ አዎ ብዙ ቆማ ነበር። ቅዳሜ ልፈታት ነው። ስገጥመው ግሪስ ልቀባው?

መካኒክ ከሂርማታ፦
አይ፣ ተራ ግሪስ ቤንዚን ያጥበዋል። ብሎኖቹን ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ አጥብቅ፣ ማዞሪያው ሳይላላም ሳይጠነክርም በእጅ እስኪዞር። መጀመሪያ 2 ሊትር ብቻ ጨምርና ሪዘርቭ ላይ አድርገህ አሳድራት፣ ደረቅ ካደረች ባትሪዋን መልስ። ፎቶ ላክልን።