ክርክር፦ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ይፍረሱ ወይስ ይጠገኑ?

አስተባባሪ፦ በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የሰፈሩ ክፍል ፈርሷል። አራዳ ውስጥ ግን አሁንም የቆሙ አሮጌ ቤቶች አሉ። ምን ይደረጉ? ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ።

መሐንዲሷ፦ ይፍረሱ ባይ ነኝ። ችግሩ የተተከለው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩም እዚያው ዝቅ ብሎ ቀረ። ከዚያ ገቢ ቆርቆሮ እንኳ አይቀየርም። ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ቢያድስ ቤቱ የእሱ አይሆንም፤ ስለዚህ ማንም አላደሰም። ቤተሰብ ሲበዛ ግቢው ውስጥ ቅጥያ ተቀጠለ፣ መተላለፊያው ጠበበ፣ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ አጣ። የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚመጥ መኪናም ስለማይደርስ ጉድጓዱ ሞልቶ ክረምት ላይ ይፈሳል። ይህን ቅርስ ብሎ ሰውን እዚያው ማኖር ግፍ ነው።

አናጺ፦ እህቴ፣ ስለ መጸዳጃው ትክክል ነሽ። ቤቱ ግን በዕድሜው ምክንያት አልወደቀም። የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩና ከራሱ ነው፦ የቋሚው እግር እርጥበት ሲጠጣ፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ። ብዙው ቤት ላይ ደግሞ ጉዳቱን ያባባሰው “እድሳት” የተባለው የሲሚንቶ ልስን ነው። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ በደንብ አይዝም፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ማገሩና ቋሚው ተደብቀው ይበሰብሳሉ፣ በመጨረሻ ልስኑ ተነፍቶ ይወድቃል።

ጥገናው እንዲህ ነው። ጣሪያው በድጋፍ ይያዛል። የሲሚንቶው ልስን ይነሳል። የበሰበሰው የቋሚ እግር ተቆርጦ አዲሱ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ግንብ ላይ ያርፋል፤ ሁለት ሁለት ቋሚ እንጂ ሁሉም በአንዴ አይነካም፣ አለዚያ ጣሪያው ይጎብጣል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ውሃ እየተጨመረበት፣ አንድ ሁለት ሳምንት ይከርማል። ምርጊቱ ይደርቃል፣ ስንጥቁ ይሞላል፣ ልስኑ ከዚያ በኋላ ነው። እርጥብ ላይ የተለሰነ ይላጣል። አሸንዳና የውሃ መውረጃ ቦይ ካልተሠራ ግን ይህ ሁሉ ልፋት የሁለት ክረምት ነው።

የውቤ በረሃ ልጅ፦ ሁለታችሁም ያወራችሁት ስለ ጭቃ ቤት ብቻ ነው። ፒያሳ ውስጥ ምድር ቤታቸው ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨት፣ በረንዳቸው የተጠረበ፣ የአርመንና የሕንድ ባለሙያዎች አሻራ ያለባቸው ቤቶች አሉ፤ የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎችም አሉ። በጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ መርካቶ የወሰደው ወራሪው ጣሊያን ነው። ገበያው ሲሄድ ቤቶቹ ቀሩ፤ የድሮው አራዳ የሚነበበው በእነሱ ላይ ነው። የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. ክፉኛ ተቃጥሎ ተጠግኗል። የተቃጠለ የእንጨት ቤት ከተጠገነ፣ ያዘመመው ለምን ይፈርሳል? ደግሞም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቋሚ ቅርስን ለመጠገንም ሆነ ከቦታው ለማንሳት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል።

መሐንዲሷ፦ ወንድሜ፣ ሆቴሉ ገቢ አለው። የቀበሌ ቤት ጥገና ማን ይከፍላል? ለባለ በረንዳዎቹ እስማማለሁ፤ ይለኩ፣ ይሳሉ፣ ይመዝገቡ፣ ይጠገኑ። ከኋላቸው ያለው ቅጥያ ግን መነሳት አለበት።

የእድር ጸሐፊ፦ ቅጥያው ውስጥ ማን እንዳለ ይታሰብ። ልብስ ሰፊው፣ የወርቅ ቤት ሠራተኛዋ፣ ጉልት የምትቸረችረው እናት በእግራቸው ደርሰው የሚሠሩ ናቸው። ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ሲሰጣቸው የቀን ገቢያቸው በታክሲ ያልቃል። እድሩም ይበተናል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ የጋራ ነውና ለተበተነ አባል አይከፋፈልም፣ ለቀብርም ከሩቅ ሰው ቶሎ አይደርስም። ካነሳችሁ ጎረቤቱን በአንድ ሕንፃ፣ እዚያው አራዳ ውስጥ መልሱ።

አናጺ፦ በዚህ ከተስማማን ቅደም ተከተሉን አናዛባ። መጀመሪያ የፍሳሽ መስመርና መኪና የሚያስገባ መንገድ፤ ለዚያ የሚነሳው ቅጥያ ብቻ ይነሳ። ቀጥሎ ጣሪያ፣ ከዚያ የቋሚ እግር። ልስንና ቀለም መጨረሻ። በኮሪደር ዳር ያየነው ከቀለም የሚጀመር ሥራ ሽንቁሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይደፍነውም። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለመንገድ ዳር ሱቆች የሚከፈለው ኪራይ በገበያ ዋጋ ሆኖ ከኋላ ላሉት ቤቶች ጥገና ይዋል፤ ይህን ማስላት የምትችይው አንቺ ነሽ።