የአባቴን የሥራ ማስረጃ ከየት ላምጣ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ያለነው አሜሪካ ነው። አባቴ በሱዳን አድርጎ እንደመጣ፣ ከ1984 እስከ 1986 እ.ኤ.አ. የኑክሌር መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ በንዑስ ተቋራጭ በኩል በጽዳት ሠርቷል። አሁን የሳንባ ካንሰር አለበት። በ2000 እ.ኤ.አ. ለኑክሌር መሣሪያ ሠራተኞች በወጣው የካሳ ሕግ የ150 ሺህ ዶላር ካሳ ጠይቀን፣ ቢያንስ 250 የሥራ ቀን መሥራቱን አረጋግጡ ተባልን። ቀጣሪው ድርጅት ከተዘጋ ቆየ። እጃችን ላይ ያለው ፎቶው የደበዘዘ ባጅ (የሥራ መታወቂያ) እና ሁለት ፔይ ስታብ (የደመወዝ ደረሰኝ) ብቻ ነው። እሱ እንደሆነ የአለቃውን ስም ረስቶታል፤ የምሳ ዕቃውን ቀለም ግን ያስታውሳል!

የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት) የገቢ መዝገብና አብሮት የሠራ ሰው ቃለ መሐላ ይበቃል? አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ደግሞ ከካሳው 20 በመቶ ስጡኝ ይላል። ለመጀመሪያው ማመልከቻ ሕጉ የሚፈቅደው 2 በመቶ አይደል እንዴ? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።