ፓወርዲ በርቶ የሲፒዩው ፍጥነት ለምን አይወርድም?

የሽንብጡ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ባህር ዳር ነኝ፣ አሮጌ ኮር አይ5 ዴስክቶፕ (6ኛ ትውልድ) ላይ ፒኤፍሴንስ (ኮምፒውተርን ራውተርና ፋየርዎል የሚያደርግ ሲስተም) ጭኜ የቤቱ ኢንተርኔት በሱ ነው የሚያልፈው፣ ፓወርዲን (የሲፒዩውን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ፕሮግራም) አብርቼ አዳፕቲቭ (እንደ ስራው ጫና የሚያስተካክል) ላይ አድርጌዋለሁ ግን ሌሊት ማንም ሳይጠቀም እንኳ ፍሪኩዌንሲው (የሲፒዩው ፍጥነት) ንቅንቅ አይልም። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ሩብ ሰዓት አይሞላም፣ በዚህ በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ሳጥኑ እጅ ያቃጥላል 😩

ታንኳ፦ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ሴቲንግ) ገብተህ ስፒድስቴፕ (የሲፒዩው ፍጥነት እንዲቀየር የሚያደርገው) እና ሲ-ስቴት (ሲፒዩው ስራ ሲፈታ የሚያስተኛው) መብራታቸውን አይተሃል? እዛ ከተዘጋ ፓወርዲ ምንም አያመጣም።

ጀበና፦ 6ኛ ትውልድ ከሆነማ ስፒድሺፍት አለው፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ሲፒዩው ራሱ ነው፣ ፓወርዲን እርሳው። ፒኤፍሴንስ ላይ አድቫንስድ፣ ሚሴላኒየስ ውስጥ ከ0 እስከ 100 ቁጥር አለልህ፣ 0 ለፍጥነት፣ 100 ለቁጠባ። ደሞ ፍሪኩዌንሲውን ብቻ አትይ ወንድሜ፣ ስራ ፈቶ ሲቀመጥ ዋናውን የሚቆጥበው ሲ-ስቴት ነው።

የሽንብጡ፦ ሲ-ስቴት ተዘግቶ ነው የተገኘው 🤦 አበራሁት፣ ቁጥሩንም 80 አደረግኩት፣ ፓወርዲን አጠፋሁ። ዩፒኤሱ ላይ የሎድ (የጭነት) መብራቷ ከሁለት ወደ አንድ ወርዳለች፣ ሳጥኑም ለብ ያለ ነው። ዛሬ ማታ መብራት ከሄደ ሰዓት ይዤ አያለሁ፣ መሄዱ እንደሆነ አይቀርም 😂

ታንኳ፦ አቧራውንም አራግፈው በዛው።