ዕድሜ ከገፋ በኋላ የሚና ጨዋታን በደስታ መቀጠል የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ከ«አራዳ» (ጎንደር)

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። «ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ»ን የመሳሰሉ፣ በጠረጴዛ ዙሪያ ተሰባስቦ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድን ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጫወታቸውን ጨዋታዎች የለመድኩት እዚሁ ጎንደር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ ቅዳሜ ከሰዓት የተጀመረ ጨዋታ እኩለ ሌሊትን ይሻገር ነበር። አሁን ሁላችንም አርባን አልፈናል፤ አንዱ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ሌላው እናቱን ያስታምማል፣ እሑድ ደግሞ በዕድርና በማኅበር የተያዘ ነው። ቀጠሮው ደጋግሞ ከፈረሰ በኋላ ስንገናኝም የሰዓቱ እኩሌታ ባለፈው የት እንዳቆምን በማስታወስና የደንብ መጽሐፍ በማገላበጥ ያልቃል።

ከጊዜው እጥረት ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ቀድሞ ልቤን ያንጠለጥለው የነበረው ጭራቅ ገድሎ፣ ወርቅ ሰብስቦ፣ የገጸ ባሕርዩን ደረጃ ከአንድ ወደ ሃያ የማሳደግ ሩጫ ዛሬ እንደዚያ አይስበኝም። ጨዋታውን ግን እወደዋለሁ፤ ልተወውም አልፈልግም። ዘመዶቼም «ትልቅ ሰው ዕቃ ዕቃ ይጫወታል ወይ?» ሲሉኝ የምመልሰው ይጠፋኛል። በዚህ ዕድሜ አሁንም በደስታ የምትጫወቱ ካላችሁ፣ ምን ለውጣችሁ እንደቀጠላችሁ ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከ«ቀሃ ማዶ»

ወንድሜ፣ ለተማሪ ኑሮ የተመቸውን የአጨዋወት ልማድ ለባለትዳር ኑሮ ሳትለውጡ መቀጠላችሁ ነው ያደከማችሁ ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያ ሊተዉት የሚገባው ነገር ሁሉም ካልተሟላ አንጫወትም የሚለውን ሐሳብ ነው። «ዌስት ማርችስ» በሚባለው የአጨዋወት ስልት ቋሚ ቀንም ሆነ ቋሚ ቡድን የለም። አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በዝርዝር ይያዛሉ፤ ጊዜ ያገኙት ሦስትና አራት ሰዎች ተነጋግረው ቀን ይቆርጡና በካርታው ላይ ወዴት መሄድ እንደሚፈልጉ ለአጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን ለሚመራው ሰው፣ አስቀድመው ይነግሩታል። ዋናው ሕግ ጉዞው በዚያው ዕለት ተጠናቅቆ ገጸ ባሕርያቱ ወደ ከተማ እንዲመለሱ የሚያስገድደው ነው። ስለዚህ ያልመጣው ሰው ገጸ ባሕርይ ከተማ ውስጥ እንደቀረ ይቆጠራል እንጂ ታሪኩ በእርሱ ምክንያት አይቆምም። ለቅሶ ሲመጣ ቀጠሮ ማፍረስ ግድ በሆነበት በእኛ አገር ከዚህ የተሻለ የሚስማማ ስልት አላየሁም።

ሁለተኛው የደንቡ ክብደት ነው። በ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» ገጸ ባሕርዩ የሞከረው ነገር መሳካቱ የሚወሰነው ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ በመጣል ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር የመውጣት ዕድሉም 5 በመቶ ነው፤ ሙከራው ሲከሽፍ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይለወጥ ተራው ለቀጣዩ ሰው ያልፋል፤ አንድ ውጊያም ሙሉ ምሽት ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመው «አፖካሊፕስ ወርልድ» የተወለዱት ጨዋታዎች ግን ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶችን ብቻ ይጠቀማሉ። የሁለቱ ድምር 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ተጫዋቹ ያሰበው ይሳካል፤ ከ7 እስከ 9 ሲሆን ይሳካል፣ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 6 እና ከዚያ በታች ሲሆን አጫዋቹ ችግር ያመጣበታል። ገጸ ባሕርዩ በችሎታው የሚያገኘው ጭማሪ ሳይታሰብ፣ ከ36ቱ የዳይስ አወጣጦች 6ቱ ብቻ ሙሉ ስኬት ሲሆኑ 15ቱ በዋጋ የሚገኘው ስኬት፣ 15ቱ ደግሞ ችግር ናቸው። በዚህ የተነሣ ዳይስ በተጣለ ቁጥር ታሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ይራመዳል፤ መነሻና መድረሻ ያለው ታሪክም በሁለት ሰዓት ተኩል ሊያልቅ ይችላል።

ዘመዶችዎን በተመለከተ፣ ገበጣ ሲጫወቱ የሚውሉትን አዛውንት ማንም ልጆች ናችሁ አይላቸውም። እንቆቅልሽ ያልፈታው ሰው አገር ሲሰጥ፣ የተሰጠው ሰው እዚያ ሄዶ ያየውንና የበላውን እየፈጠረ ሲተርክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ይህንኑ ቢነግሯቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

መልስ፦ ከ«የሦስት ልጆች እናት»

እኔ ጨዋታውን የጀመርኩት ከወለድኩ በኋላ በመሆኑ የተማሪነቱን ሌሊት አላውቀውም፤ ደረጃ የማሳደጉ ሩጫም ይዞኝ አያውቅም። ቡድናችን ታሪኩን ያደረገው በገዛ ከተማችን ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ ያለው ነው። ገጸ ባሕርያቱ አንድ ደብተራ፣ አንዲት አዝማሪ፣ አንድ ነጋዴና አንዲት የቤተ መንግሥት አገልጋይ ነበሩ። አጫዋቻችን የሰጠን ተግባር የንጉሡን ሞት ወደ ቁስቋም ወስዶ ለአያታቸው ለእቴጌ ምንትዋብ ማርዳት ነበር።

አብሮን የነበረ አንድ ወጣት መጀመሪያ የጠየቀው በሩ ላይ ስንት ዘበኛ እንዳለ ነበር፤ ጥያቄው ለእርሱ ዕድሜ ትክክለኛ ነው። እኛ ግን ምሽቱን ያሳለፍነው መርዶውን የሚናገረው ማን ይሁን፣ ሌሊት እንሂድ ወይስ እስኪነጋ እንታገሥ፣ አጠገባቸው ማን ይቀመጥ እያልን በመከራከር ነበር፤ ምክንያቱም እያንዳንዳችን መርዶ አንድም ነግረናል፣ አንድም ተቀብለናል። ለዚያ ምሽት ዳይስ አላስፈለገንም። እርስዎ ጭራቅ መግደሉ ልቤን አልነካው አለ ሲሉ፣ ገጸ ባሕርይዎ የእርስዎን ዕድሜ የሚመጥን ጉዳይ ስላልቀረበለት ይመስለኛል፤ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ እንዲያስታርቅ ወይም ልጁን ወደማያውቀው አገር እንዲሸኝ ያድርጉትና ይሞክሩት።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። በዚህ ዕድሜ ያልቀበረ ሰው የለም፤ አካባቢያችንም ጦርነት አይቷል። ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ተሰብስባችሁ የትኛው ጉዳይ እንደማይነካ ተስማሙ፤ ጉዳዩ እንዳይነካ የጠየቀው ሰውም ምክንያቱን እንዲናገር አይገደድ። እኛ ይህን ሳናደርግ አዲስ ታሪክ አንጀምርም።

መልስ፦ ከ«አዘዞ፣ ጡረተኛ»

ልጄ፣ ከሁላችሁም በዕድሜ ስለምበልጥ ስለ ዓይን ላንሣ። በገጸ ባሕርይ መመዝገቢያው ወረቀት ላይ ያለው ጽሑፍ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ከሃምሳ በላይ የሆነ ሰው በመብራት ሊያነበው ሲታገል ይሰለቻል፣ ከዚያም ጨዋታው የሰለቸው ይመስለዋል። የ«ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ» አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 የመሠረታዊ ደንቦቹን ሰነድ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለለቀቀ፣ ምንጩን የጠቀሰ ማንኛውም ሰው ሊተረጉመውና ሊያትመው ይችላል። እኛም የሚያስፈልገንን ክፍል ብቻ በአማርኛ ጽፈን፣ በትልልቅ ፊደል አሳትመን በየሰዉ ፊት አስቀምጠናል። የምንጫወተውም ከምሳ በኋላ በቀን ብርሃን ነው፤ መብራት ቢጠፋም አንቋረጥም።

ሰው በማይገኝባቸው ሳምንታት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውንና በነፃ የሚገኘውን «አይረንስወርን» ብቻዬን እጫወታለሁ። ተጫዋቹ የሚጥለው አንድ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ፣ ከችሎታው ጭማሪ ጋር ተደምሮ፣ ከሁለት ባለ አሥር ገጽ ዳይሶች ጋር ይነጻጸራል፤ አጫዋች ይመልሳቸው የነበሩትን ጥያቄዎች በመጽሐፉ ያሉት ሠንጠረዦች ይመልሳሉ።

ጠያቂው፦ ከ«አራዳ»

አባቴ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የመርዶውን ነገር ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ሁለቱ ወዲያውኑ ቀን እንቁረጥ ብለዋል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ከተማሪነታችን ጀምሮ ሳይቋጭ የቆየውን ረጅም ታሪክ ምን እናድርገው? ከመካከላችን አንዱ አሁን ውጭ አገር ነው።

መልስ፦ ከ«ቀሃ ማዶ»

ካቆማችሁበት አትቀጥሉት፤ በታሪኩ ውስጥም ሃያ ዓመት እንዲያልፍ አድርጉ። ገጸ ባሕርያቱም እንደ እናንተ አርባን ይሻገሩ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርዩ በእነዚያ ዓመታት ምን እንዳገኘና ማንን እንዳጣ በአጭሩ ይናገር፤ ያልተፈታው ጉዳይ ደግሞ በአንድ ቀን ጨዋታ ይቋጭ። ውጭ ያለው ጓደኛችሁ የገጸ ባሕርዩን የመጨረሻ ደብዳቤ ጽፎ ወይም በድምፅ ቀድቶ አስቀድሞ ይላክላችሁ፤ አጫዋቹም ከመካከል በሚመርጠው ሰዓት ያሰማችሁ። ከዚያ በኋላ በአዲሱ ስልት አዲስ ካርታ ትዘረጋላችሁ፤ ሰው ቢያንሳችሁ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ነፃ ነኝ።